ኪስ የሚገባው የጨረር መለኪያ ይገዛል ወይስ አይገዛም? ባሕር ዳር ላይ ፈትሼዋለሁ

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ለመማሪያና ለማስተማሪያ ከሆነ ግዙት፣ ገንዘባችሁ አያስቆጭም። «ቤቴ ደህና ነው? ውሃው ደህና ነው? ዓሣው ይበላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከሆነ ግን ተዉት። አይመልስላችሁም። የከፋው ደግሞ የመለሰ ማስመሰሉ ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ አለው፣ ሰው ደግሞ ቁጥር ሲያይ ያምናል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። እንጀራዬ የኒውክሌር ኃይልና የሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አያያዝ ነው። ሥራዬ ውጭ አገር ነው፣ እረፍት ሳገኝ ግን ባሕር ዳር እናቴ ቤት ነኝ። የእህቴ ልጅ ፖሊ ካምፓስ ይማራል። እሱና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ይህን መለኪያ አስመጡ። ከዚያ «አክስቴ፣ እስኪ በደንብ ፈትሺልን፣ ግቢ ይዘነው ከመግባታችን በፊት የሚችለውንና የማይችለውን እንወቅ» አለኝ። ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። በእኛ ሙያ ከመሣሪያው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው።

የዕቃውን ስም አልጽፍም። ኢንተርኔት ላይ በተለያየ ስምና ቀለም የሚሸጡት ርካሽ መለኪያዎች አብዛኞቹ ውስጣቸው አንድ ነው። አንድ የመስታወት ቱቦ፣ ቮልቴጅ የሚያሳድግ ትንሽ ሰሌዳ፣ ባትሪና ስክሪን። ዋጋቸውም ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው መካከል ይዋልላል። ስለዚህ የምገመግመው ዓይነቱን ነው፣ የእናንተ ቢጫ ሆነ ጥቁር ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ ትንሽ። ቱቦው የጋይገር-ሙለር ቱቦ ይባላል። ውስጡ ጋዝ አለ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ሽቦ አለ፣ በሽቦውና በዙሪያው መካከል 400 ቮልት ገደማ ይጫናል። ጨረር ገብቶ ጋዙን ሲመታ ኤሌክትሮን ይፈናቀላል፣ ያ ኤሌክትሮን ሌላውን ያፈናቅላል፣ እንደ ናዳ ወርዶ አንድ ምት ይሆናል። መሣሪያው ምቱን ይቆጥራል፣ ጠቅ ይላል። በቃ። ደካማ ጨረርም ይሁን ጠንካራ፣ ከድንጋይ ይምጣ ከሰማይ፣ ምቱ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጠቅታው በነገራችን ላይ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥሩ ጎን ነው። ድምፁን ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ዝም ብላችሁ ስሙ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ድንገት ሦስት በተከታታይ። ምንም ሥርዓት የለውም። እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ሕፃን አዋቂው ተሰብስቦ ሲሰማ «ምንም ነገር ሳናስጠጋው ለምን ይጮኻል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። ምክንያቱም ጨረር ሁሌም አለ። ከመሬቱ፣ ከግድግዳው፣ ከሰማይ፣ ከራሳችን ገላም ጭምር። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ሬዲዮአክቲቭ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ ከ4,000 በላይ የፖታሲየም-40 አተሞች በየሰከንዱ ይፈርሳሉ። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ እጃቸውን ቱቦው ላይ ጫኑ። ንባቡ አልተለወጠም፣ ቱቦው ለዚያ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ቤት ውስጥ በደቂቃ 20 ገደማ ይቆጥራል። መሣሪያው ይህን በራሱ ማባዣ መትቶ በሰዓት 0.13 ማይክሮሲቨርት ብሎ ያሳያል። ሲቨርት ጨረር በሰው ገላ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ የሚለካበት ነው፣ 1,000 ማይክሮሲቨርት አንድ ሚሊሲቨርት ይሆናል። ልጆቹ ይህን ዕቃ ይዘው ከተማ ለከተማ ዞረው ነበር፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ፔዳ በር ላይ። በየቦታው ለአንድ አንድ ደቂቃ ለክተው ቁጥሩን በስልካቸው ጻፉ። አንዱ ቦታ 0.10፣ ሌላው 0.18። «አክስቴ፣ እዚህ ጋ ጨረር ይበዛል ማለት ነው?» አለኝ።

አይደለም። እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ ልበል፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ የሚወራው ፍርሃት ግማሹ ከዚህ ይነሳል። አጋጣሚ ነገር ስትቆጥሩ፣ ቁጥሩ በካሬ ሥሩ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል። 20 ከቆጠራችሁ ካሬ ሥሩ 4.5 ገደማ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ደቂቃ 16 ወይም 25 ብታዩ ምንም አልተፈጠረም፣ አንዳንዴ 28ም ይመጣል። 28 ማለት ደግሞ ስክሪኑ ላይ 0.18 ነው። ያቺው ቦታ፣ ያው ድንጋይ። ለአሥር ደቂቃ ብትቆጥሩ ግን 200 ገደማ ታገኛላችሁ፣ መዋዠቁም 14 ብቻ ነው፣ ማለትም 7 በመቶ። ለአንድ ሰዓት ብትተዉት ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል። ትዕግሥት ከዚህ ርካሽ መሣሪያ ውስጥ ጥሩ መሣሪያ ያወጣል። አምራቾቹ ግን ይህን በመመሪያው ላይ አይጽፉም። ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሥዕሉ የሚገባ ዓይነት መመሪያ ነው። ስክሪኑም «ገና እየቆጠርኩ ነው፣ አትመኑኝ» አይልም። የመጀመሪያው ሰኮንድ ላይ ጀምሮ በልበ ሙሉነት ቁጥር ይጥላል። ይህ ለእኔ የዕቃው አንደኛ ጉድለት ነው።

ልጆቹን አሥር አሥር ደቂቃ እንደገና እንዲለኩ አደረግኋቸው። ልዩነቱ ጠፋ። ከጥቂት ቦታዎች በቀር። አንዱ የግራናይት ደረጃ ያለው ሕንፃ ነው፣ ንባቡ በትንሹ ግን በማያሻማ ሁኔታ ከፍ አለ። ግራናይት ከባዛልት የበለጠ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም አለው። ባሕር ዳር የተቀመጠችው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፣ ባዛልት ላይ፣ ባዛልት ደግሞ ከእነዚህ ነገሮች ደሃ ነው። በዚህ በኩል መሬታችን ለዘብ ያለ ነው። በሌላ በኩል ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ከተማ ይልቅ ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ይበዛብናል። ሁለቱም የተፈጥሮ ናቸው፣ ሁለቱም አያስፈሩም። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ በዓለም አማካይ አንድ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ 2.4 ሚሊሲቨርት ይደርሰዋል፣ ግማሽ ያህሉ ከመሬት ከሚወጣው ሬዶን ከሚባል ጋዝ ነው። 0.13ን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ብታበዙት 1.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ይመጣል። «ለሕዝብ የተፈቀደው 1 ሚሊሲቨርት ነው ተብሏል፣ አለፍን!» የምትሉ ካላችሁ፣ ያ ገደብ ከተፈጥሮው በላይ በሰው ሥራ ለሚጨመረው ነው። ተፈጥሮውን አይቆጥርም።

ሁለተኛው ለየት ያለ ቦታ ጣና ነው። እዚህ ነው ዕቃው ከምገምተው በላይ የሠራው። ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ዳርቻው ላይ እያለን የተለመደው ነበር። ወደ ውስጥ እየገባን ስንሄድ ጠቅታው ሳሳ። መሐሉ ላይ ረጅም ጊዜ ለካን፣ ንባቡ በሰዓት 0.08 ላይ ረጋ። ባለ ጀልባው «እህቴ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። አልተበላሸም። ከመሬት የሚወጣውን ጋማ ጨረር (እንደ ኤክስሬይ ዘልቆ የሚሄደውን ዓይነት) ውሃው እየበላው ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ሁለት ሜትር ውሃ ራሱ ይበቃል፣ ከሥር የሚመጣውን ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። የቀረው ከሰማይ የሚወርደውና ከራሱ ከቱቦው የሚመጣው ትንሽ ነገር ነው። ዘጌ ወርደን መሬት ስንረግጥ ንባቡ ተመልሶ ወጣ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። እኔም ዕድሉን አላሳለፍኩትም። ያገለገለ የሪአክተር ነዳጅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀመጠው ውሃ ገንዳ ውስጥ ነው። ከነዳጁ በላይ ብዙ ሜትር ውሃ ይኖራል፣ ውሃው ያቀዘቅዛል፣ ጨረሩንም ይከልላል። ሠራተኛ ገንዳው አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ ይሠራል። ነዳጁን ያለ ውሃ በአጠገቡ ብትቆሙ በአጭር ጊዜ ይገድላል፣ በዚያ ውሃ ላይ ግን ሻይ ተይዞ መግባት ስለተከለከለ ብቻ ነው ሻይ የማይጠጣው። ይህን በመጽሐፍ ብነግረው ይረሳዋል። ጣና ላይ በጆሮው ሰማው። ለመማሪያ ግዙት ያልኩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ብየዳ ቤት ነው። አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም የሚሠሩ የአርጎን ብየዳ ባለሙያዎች የቱንግስተን ዘንግ ይጠቀማሉ። ጫፉ ቀይ የተቀባው ዓይነት 2 በመቶ ገደማ የቶሪየም ኦክሳይድ አለበት። ብልጭታው ቶሎ እንዲነሳና እንዲረጋ ነው የሚጨመረው። አንድ የማውቀው ባለሙያ ፓኬቱን አውጥቶ ሰጠን። ቱቦውን አስጠጋነው። ጠቅታው ተያይዞ ተንጫረረ፣ በደቂቃ ከ20 ወደ መቶ ምናምን ዘለለ። ክንድ ያህል ስናርቀው ወደ ድሮው ተመለሰ። መሐል ላይ ወረቀት አስገባን፣ ለውጥ የለም። ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ቁራጭ አስገባን፣ አብዛኛው ጠፋ። ስለዚህ ቱቦው ሲቆጥር የነበረው በአብዛኛው ቤታ፣ ማለትም የሚወረወር ኤሌክትሮን ነው ማለት ነው። ርቀትና መከለያ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአምስት ደቂቃ።

ግን እዚሁ ጋ ነው ዕቃው የሚያሳስተውም። የቶሪየም ዋናው አደጋ ይህ መሣሪያ የሚያየው አይደለም። ቶሪየም አልፋ የሚባል ከባድ ቅንጣት ይለቃል። አልፋ የቱቦውን መስታወት አያልፍም፣ ወረቀትም ቆዳም ያስቆመዋል። ስለዚህ ከውጭ ሲሆን ምንም አይደለም። ዘንጉን መያዝ፣ ኪስ ውስጥ መክተት ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ባለሙያው ጫፉን በግራይንደር ሲስል የሚነሳው አቧራ ነው። ያ አቧራ ሳምባ ውስጥ ከገባ መሐሉ ላይ የሚከልል ነገር የለም። ባለሙያው ያለ ጭንብል፣ ፊቱን አስጠግቶ ነበር የሚስለው፣ እንደ ሁሉም። አቧራው ያረፈበትን ጠረጴዛ በዚህ ዕቃ ለካን፣ ምንም አላሳየም። አያችሁ? ቁጥሩን ያመነ ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ ይሄዳል። ለባለሙያው የነገርኩትን ለእናንተም ልድገም፤ ላንታነም ያለበት ዘንግ ይገኛል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ቶሪየም የለበትም። ቀዩን ከመጨረስ ውጭ ምርጫ ከሌላችሁ ጭንብል አድርጉ፣ አቧራውን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሳትታጠቡ አትብሉ።

እኛ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር መለኪያ ማስጠጋት ብቻ አይበቃንም። 100 ካሬ ሴንቲሜትር የሚያህል ቦታ በማጣሪያ ወረቀት ጠርገን፣ ወረቀቱን አልፋ በሚያይ ሌላ መሣሪያ ውስጥ እንቆጥራለን። «ጨረር አለ?» እና «የሚነካካ ብክለት አለ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለጥያቄው ሁሉ የየራሱ መሣሪያ አለው፣ መሣሪያው ሁሉ በየጊዜው ካሊብሬሽን ተደርጎለት (መጠኑ ከታወቀ ምንጭ ጋር ተመሳክሮ) ወረቀት አለው። ይህ የኪስ ዕቃ ወረቀት የለውም። ማባዣው ፋብሪካ ላይ ለሁሉም አንድ ሆኖ የተጻፈ ነው፣ በተለይ ጉልበቱ አነስተኛ ለሆነ ጋማ አጋንኖ ያሳያል።

የጎረቤታችንን ጥያቄ ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀው። እትዬ መለኪያውን ሲያዩ «ልጄ፣ ያ ሰፈራችን መሐል የተተከለው የስልክ ማማ ጨረር አለው ይላሉ፣ እስኪ ለኪልን» አሉኝ። ወስጄ ለካሁላቸው። ምንም። ግን «ምንም የለውም» ብዬ አልመለስኩላቸውም፣ ምክንያቱም መሣሪያው ያንን ዓይነት ጨረር ጨርሶ አይሰማም። የስልክ ማማ የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚለቀው፣ አተም ውስጥ ኤሌክትሮን ለማፈናቀል ጉልበት የለውም። በቴርሞሜትር ደም ግፊት እንደ መለካት ነው ብያቸው ተግባባን። ከኒውክሌር ጨረር ጋር አንድ አለመሆኑን ሲሰሙ ቀለል አላቸው። ማይክሮዌቭም እንዲሁ ነው።

ዓሣም ለክተናል። የእህቴ ልጅ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ገዝቶ መጥቶ ቱቦውን ጫነበት። ከአየሩ የተለየ ነገር የለም። ቢኖርም በዚህ አይታይም። ምግብና ውሃ የሚለካው ናሙናው ወፍራም የእርሳስ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ በቅዝቃዜ በሚሠራ የጀርማኒየም መሣሪያ፣ ለሰዓታት ነው። ለጣና የሚቆረቆር ሰው ደግሞ ጊዜውን በእምቦጩና ወደ ሐይቁ በሚገባው ፍሳሽ ላይ ቢያውል ይሻላል፣ የዓሣው ችግር እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት፣ ወደ ያዙልኝ ያልኳችሁ። ምቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህ መሣሪያ የነገሩን ማንነት አይነግራችሁም። በሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ሥራ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ማንነት ነው። አንድ በርሜል ወይም አንድ ከረጢት ፊት ስቆም ጥያቄዬ «ስንት ነው?» ብቻ አይደለም፣ «ማን ነው?» ነው። ሆስፒታል ለምርመራ የሚጠቀምበት ቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ፣ 6 ሰዓት ነው። ለእንቅርት ሕክምና የሚሰጠው አዮዲን-131 8 ቀን ነው። እነዚህን ቆልፎ ማቆየት ብቻ ይበቃል፤ አሥር ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ከሺህ አንድ ገደማ ነው የሚቀረው። ለካንሰር ሕክምና ያገለገለ ኮባልት-60 ግን 5.3 ዓመት፣ ሲሲየም-137 30 ዓመት፣ ራዲየም-226 1,600 ዓመት ነው። አምስቱም በዚህ የኪስ ዕቃ ላይ ጠቅ ጠቅ ናቸው። የሚቀበሩበት ቦታ፣ የሚታሸጉበት ነገር፣ የሚጠበቁበት ዘመን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ አለ። በጣም ጠንካራ ምንጭ ፊት ቱቦው ይደናቆራል። አንዱን ምት ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል፣ ርካሾቹ ላይ ንባቡ ከመውጣት ይልቅ ሊወርድ፣ ዜሮም ሊል ይችላል። ወይም ጣሪያው ላይ ደርሶ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቼርኖቤል ላይ አደጋው እንደደረሰ በእጅ የነበሩት መለኪያዎች ጣሪያ በሰዓት 3.6 ሬንትገን (የድሮ የጨረር መለኪያ አሃድ) ነበር። መርፌው እዚያ ቆመ፣ 3.6 የሚለው ቁጥርም እንደ እውነተኛ ልኬት ወደ ላይ ተላለፈ። እውነቱ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጥ ነበር። መለኪያው ምን እንደማይችል አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ አስረጅ አላውቅም።

ጠንካራ ምንጭ እኛ ጋ ከየት ይመጣል እንዳትሉ። ሪአክተር የሌለው አገርም ቆሻሻ አለው፣ ከሆስፒታል፣ ከመንገድ ሥራ መለኪያ፣ ከፋብሪካ፣ ከምርምር። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል ጎያንያ ከተማ ውስጥ፣ ከተተወ የሕክምና ጣቢያ ሰዎች አንድ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ነቅለው ለብረት ሸጡ። ውስጡ ሲሲየም-137 ነበር። ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አማራቸው፣ ዱቄቱን ለዘመድ አከፋፈሉት፣ ልጆች ተጫወቱበት። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበከሉ፣ ከ100,000 በላይ ሰው ተመረመረ። አንድ መዳፍ ከማይሞላ ዱቄት 3,500 ሜትር ኩብ ገደማ ቆሻሻ ተፈጠረ፣ ቤቶች ፈርሰው ተጭነዋል። በየጠዋቱ «ቆራሌው!» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። ከብረት ጋር የሚውሉ ሰዎች መጀመሪያ ማግኘት ያለባቸው መለኪያ ሳይሆን ምልክቱን ማወቅ ነው፤ ቢጫ ላይ ሦስት ክንፍ፣ ወይም ቀይ ሆኖ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት። መጠኑ ትንሽ ሆኖ ክብደቱ የማይመጣጠን ባለ እርሳስ ዕቃ ካጋጠማችሁ አትክፈቱት፣ በዚህ መለኪያ ልፈትሸውም አትበሉ። ራቁ፣ ሰው አርቁ፣ ለፖሊስ ተናገሩ፣ ለጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲያደርሱ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ወሬው አሁን ቤታችን ስለገባ ጭምር ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት አቅሙ ተመረቀ፣ ብዙም ሳይቆይ መስከረም 2018 ላይ ኢትዮጵያና ሩሲያ ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ቡና በተጠጣበት ሁሉ ጥያቄው ለእኔ ነው። «ቆሻሻውን የት ያደርጉታል?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከማመንጫው በፊት መልስ ሊኖረው የሚገባ ጥያቄ ነው። 1,000 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሪአክተር በዓመት ከ25 እስከ 30 ቶን ያገለገለ ነዳጅ ያወጣል። በብዛት ብዙ አይደለም፣ በጠባይ ግን እጅግ ከባድ ነው። ፊንላንድ ለዚሁ ሲባል ኦንካሎ የሚባል ማከማቻ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አለት ውስጥ ቆፍራለች። ነዳጁ መዳብ ሣጥን ውስጥ ይታሸጋል፣ ዙሪያው ቤንቶናይት በሚባል ጭቃ ይጠቀጠቃል። ውሃ ሲነካው አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ጫማ የሚያስወልቀው፣ በጋ የሚሰነጠቀው ዋልካም ጠባዩን ያገኘው ከዚያው የሸክላ ቤተሰብ ነው። ይህን ስነግራቸው ገበሬ አጎቴ ሳቁ፣ ከዚያ ስለ ማከማቻው የጠየቁኝ ጥያቄ አንዳንድ ስብሰባ ላይ ከሰማሁት ይበልጥ ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስና ለመግዛት ለቆረጣችሁ። የቆጠራውን ቁጥር ራሱን የሚያሳይ ምረጡ፣ ማይክሮሲቨርት ብቻ የሚያሳየውን አትግዙ፣ የቆጠራውን ዋዠቅ መማር የሚቻለው በቆጠራው ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ቆጥሮ አማካይ የሚያወጣና ንባቡን የሚያስቀምጥ ቢሆን ይመረጣል። የጀርባ ክዳኑ የሚከፈት ወይም ቱቦው ፊት ለፊት ክፍተት ያለው ከሆነ ቤታ ያስገባል፣ የብየዳ ቤቱ ሙከራ ያለዚያ አይሠራም። ባትሪው ደህና ነው፣ መብራት በጠፋበት ሰሞን እንኳ አላስቸገረኝም። ማንቂያ ደወሉን ከፍ ወዳለ ቁጥር ቀይሩት፣ ፋብሪካ ላይ የተሞላው በዋዠቅ ብቻ ሌሊት ሊቀሰቅሳችሁ ይችላል። «የተጠራቀመ መጠን» የሚለውን ገጽ ኤክስሬይ ክፍል የሚሠራ ሰው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው ባጅ ፋንታ እንዳይጠቀምበት፤ ኤክስሬይ በአጭር ብልጭታ ስለሚመጣ ይህ ቱቦ በትክክል አያነበውም፣ መሥሪያ ቤቱ ባጅ ካልሰጠ ባጅ ይጠየቅ። ቱቦው መስታወት ነው፣ ባጃጅ ውስጥ የኋላ ኪስ ከትታችሁ አትቀመጡበት። ሻጩ «የስልክ ጨረርም፣ የማማ ጨረርም፣ ሁሉንም ይለካል» ብሎ ዋጋ ከጨመረባችሁ፣ ለጭማሪው አትክፈሉ።